የ1.20 ቃል፦ የስዊዝ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ወለል ያቆመበትና ያነሣበት ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 (ጥር 7 ቀን 2007 ዓ.ም.) ረፋዱ ላይ፣ ዙሪኮች 10:30 እኛ 4:30 በምንለው ሰዓት፣ የስዊዝ ብሔራዊ ባንክ አንድ አጭር መግለጫ አወጣ። አንድ ዩሮ ከ1.20 የስዊዝ ፍራንክ በታች እንዳይመነዘር ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሲጠብቀው የቆየውን ወለል ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማንሣቱን አስታወቀ። የመሸጋገሪያ ጊዜ አልተሰጠም፣ ፍንጭም አልነበረም። እንዲያውም ከሦስት ቀን በፊት ከባንኩ ሦስት የበላይ ኃላፊዎች አንዱ ወለሉ የገንዘብ ፖሊሲው ምሰሶ ሆኖ መቀጠል እንዳለበት ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረው ነበር።

የማዕከላዊ ባንኮች የምንዛሪ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ገንዘባቸው እየወደቀ ስለተቸገሩ አገሮች ነው። ይህ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው፤ ገንዘቡ ከልክ በላይ የተወደደበት ባንክ እንዲረክስለት ሲታገል ይታያል። በዚያ ላይ ትግሉን ያቆመው አቅም አንሶት አይደለም፤ መቀጠል እየቻለ፣ መቀጠሉ የሚያስከትለውን ፈርቶ ነው። የማዕከላዊ ባንክ ቃል ራሱ የሥራ መሣሪያ ሲሆን ምን እንደሚመስል፣ መሣሪያው ሲጣልስ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ከዚህ ጉዳይ በተሻለ የሚያሳይ አላገኘሁም። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ግለሰቦችም በኃላፊነታቸው እንጂ በስማቸው አልተጠቀሱም።

ባንኩና ገንዘቡ

የስዊዝ ብሔራዊ ባንክ ሥራ የጀመረው በ1907 ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ በበርንና በዙሪክ ለሁለት የተከፈለ ነው። በልዩ ሕግ የተቋቋመ የአክሲዮን ማኅበር ነው፤ ካፒታሉ 25 ሚሊዮን ፍራንክ ብቻ ሲሆን ከአክሲዮኑ የሚበልጠውን ድርሻ የያዙት ካንቶን የሚባሉት የአገሪቱ ክልላዊ መስተዳድሮችና ባንኮቻቸው ናቸው። ለባለአክሲዮኖች የሚከፈለው የትርፍ ድርሻ ከ6 በመቶ አይበልጥም፤ ከዚያ የሚተርፈውና እንዲከፋፈል የተወሰነው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው ለፌዴራል መንግሥቱ፣ ሁለት ሦስተኛው ለካንቶኖቹ ይደርሳል። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው፣ ባንኩ ሲያተርፍና ሲከስር የሚሰማው በርን ባለው መዝገብ ላይ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በሚያስተዳድሩት ካንቶኖች በጀት ላይም ስለሆነ ነው።

ፍራንክ ደግሞ የመጠለያ ገንዘብ ነው። ዓለም ሲታወክ ባለሀብቶች ወደ እሱ ይሸሻሉ፤ ፍራንክ የሚፈልግ ሰው ሲበዛም ዋጋው ይወጣል። ስዊዘርላንድ በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በኦስትሪያ የተከበበች አገር ናት፤ አራቱም ዩሮ ይጠቀማሉ፣ ከዋነኞቹ የስዊዝ ዕቃ ገዢዎችም ናቸው። ስለዚህ የጎረቤት ሕመም በፍራንክ በኩል ወደ ስዊዝ ፋብሪካዎች ይገባል።

ችግሩ

በ2007 መጨረሻ አካባቢ አንድ ዩሮ ከ1.60 ፍራንክ በላይ ያወጣ ነበር። የዓለም የገንዘብ ቀውስ፣ ቀጥሎም የግሪክና የሌሎች የዩሮ አገሮች የዕዳ ቀውስ ሲመጣ ፍራንክ ሳያቋርጥ ወጣ። በኦገስት 2011 አንድ ዩሮ ለአንድ ፍራንክ ሊሆን ጥቂት ሳንቲሞች ቀሩት።

ይህ ለአንድ ፋብሪካ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት እናስቀምጠው። ሠርቶ ለመሸጥ 120 ፍራንክ የሚያስፈልገው ዕቃ፣ ዩሮ በ1.20 ሲመነዘር ለጀርመን ገዢ 100 ዩሮ ነው። ምንዛሪው አንድ ለአንድ ሲሆን ያው ዕቃ 120 ዩሮ ይሆናል። የፋብሪካው ሠራተኛ ደመወዝ አልጨመረም፣ ዕቃውም አልተሻሻለም፤ ገዢው ግን አንድ አምስተኛ ጨምሮ እንዲከፍል ይጠየቃል። የማይከፍል ከሆነ ልዩነቱን የሚሸከመው አምራቹ ነው። በአገር ውስጥ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ስለሚረክስ ጠቅላላው የዋጋ ደረጃ ወደ ታች መንሸራተት ይጀምራል። የዋጋ ንረት ለሰለቸው አንባቢ የዋጋ መውረድ ጸጋ ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም ድርጅቶች ገቢያቸው እየቀነሰ ዕዳቸው ባለበት የሚቆይበት፣ ገዢም «ነገ ይረክሳል» እያለ የሚዘገይበት ሁኔታ ኢኮኖሚን ያደነዝዛል።

ባንኩ በ2009ና በ2010 ዩሮ በመግዛት ፍራንክን ለማለዘብ ሞክሮ ነበር። የገዛው ዩሮ ረክሶበት በ2010 ወደ 20 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ ከሰረ፤ ለፍራንክ ዋጋ የተገለጸ መስመር ስላልነበረው ገበያው የት እንደሚያቆም አያውቅም ነበር። ኪሳራውና ተከትሎት የመጣው የፖለቲካ ወቀሳ በኋላ ለተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ ጥላ ሆኖ ቆይቷል።

የተወሰዱት እርምጃዎች

በኦገስት 2011 ባንኩ መጀመሪያ የሞከረው ገበያውን በፍራንክ ማጥለቅለቅ ነበር። ወለድን ወደ ዜሮ አስጠጋ፤ የንግድ ባንኮች በእሱ ዘንድ ያላቸውን ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ከ30 ቢሊዮን ፍራንክ ወደ 80፣ ከዚያ ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 200 ቢሊዮን ለማድረስ ግብ አስቀመጠ። ሦስቱም ማስታወቂያዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ የወጡ ናቸው። ፍራንክ ጥቂት ቢለዝብም ስጋቱ አልተነሣም።

ሴፕቴምበር 6 ቀን 2011 ባንኩ ቁጥር ጠራ። ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች ሲወርድ እንደማይታገሥ፣ ለዚህም ገደብ በሌለው መጠን የውጭ ምንዛሪ ለመግዛት ዝግጁ መሆኑን አስታወቀ። በ1.10 እና በ1.20 መካከል የነበረው ምንዛሪ በደቂቃዎች ውስጥ ከወለሉ በላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ከእኛ ልምድ ጋር የሚለያየውን ነጥብ ማስመር ይገባል። ገንዘቡ እንዳይወድቅ የሚከላከል ባንክ የሚከፍለው ዶላር ወይም ዩሮ ነው፤ ያንን ደግሞ ራሱ አያትምም። ክምችቱ ሲያልቅ ትግሉ ያልቃል። ብር ከዶላር ጋር ያለፈውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። የስዊዝ ባንክ ግን ይከላከል የነበረው ገንዘቡ እንዳይወጣ ነው፤ ለዚያ የሚከፍለው ፍራንክ ሲሆን ፍራንክ የሚፈጥረው ራሱ ነው። «ገደብ በሌለው መጠን» የሚለው ሐረግ ፉከራ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ገደቡ ያለው ክምችቱ ላይ አይደለም፤ የገዛው የውጭ ሀብት ሲረክስ የሚመጣውን ኪሳራና የፈጠረው ፍራንክ ወደፊት የሚያስከትለውን መዘዝ እስከ ምን ድረስ እችለዋለሁ በሚለው ላይ ነው።

ወለሉ የሠራባቸው ዓመታት

የመጀመሪያው ፈተና ከገበያ ሳይሆን ከቤት መጣ። በጃንዋሪ 2012 የባንኩ ሊቀ መንበር፣ ወለሉ ከመታወጁ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በቤተሰባቸው ሂሳብ የተፈጸመ የዶላር ግዢ ውዝግብ አስነሥቶ ከሥልጣናቸው ለቀቁ። ብዙዎች ወለሉ ይናዳል ብለው ጠበቁ፤ አልተናደም። ምክትላቸው ቦታውን ተክተው ያንኑ ቃል ደገሙት። ቃሉ የሰውየው ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ መሆኑ ያን ጊዜ ታየ።

ሁለተኛው ፈተና ውድ ነበር። በ2012 የጸደይና የበጋ ወራት ዩሮ ራሱ ሊፈርስ ይችላል የሚል ስጋት ሲነግሥ ገንዘብ ወደ ስዊዘርላንድ ጎረፈ፤ ባንኩ በዚያ አንድ ዓመት የ188 ቢሊዮን ፍራንክ የውጭ ምንዛሪ ገዛ። ጎርፉን የገታው የዙሪክ ግዢ ብቻ አልነበረም። በጁላይ 2012 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ፕሬዚዳንት ዩሮን ለማዳን አስፈላጊውን ሁሉ እንደሚያደርጉ ለንደን ላይ ሲናገሩ ስጋቱ ረገበ። በ2013 የስዊዙ ባንክ ወለሉን ለመጠበቅ ምንም መግዛት አላስፈለገውም። የተአማኒ ቃል ርካሽነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ሲታመን ያለ ወጪ ይሠራል፣ ሲጠረጠር ግን በቢሊዮን ይከፈልበታል።

የዚያ ዓመት ትምህርት በሌላ በኩልም መጣ። በ2013 የወርቅ ዋጋ በመውደቁ ባንኩ 9 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ ከሰረ፤ ለካንቶኖቹም ምንም ሳያከፋፍል ቀረ። በጀታቸውን ገንዘቡ እንደሚመጣ አስበው የሠሩ ካንቶኖች ቅሬታቸውን አልደበቁም።

ሸክሙ ሲከብድ

ከ2014 አጋማሽ ጀምሮ ነገሩ ተለወጠ። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በጁን ወለዱን ከዜሮ በታች አወረደ፤ ብዙ ቦንድ በመግዛት ዩሮ ሊያበዛ መሆኑም ይጠበቅ ጀመር። ዩሮ በዶላር ሲለካ መርከስ ያዘ፤ በወለሉ የታሰረው ፍራንክም ከዩሮ ጋር አብሮ በዶላር ፊት ይረክስ ጀመር። ወለሉ ሲቆም የተሰጠው ምክንያት ፍራንክ ከልክ በላይ ተወዷል የሚል ስለነበር፣ በዶላር ፊት ሲረክስ ምክንያቱ ሳሳ።

በኖቬምበር 30 ቀን 2014 ባንኩ ከሀብቱ ቢያንስ 20 በመቶውን በወርቅ እንዲይዝና ወርቁን ፈጽሞ እንዳይሸጥ የሚያስገድድ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ሐሳቡ ቢያልፍ ኖሮ ባንኩ ዩሮ በገዛ ቁጥር ወርቅም ለመግዛት ይገደድ ነበር። ሕዝቡ ከ77 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ይህ ለወለሉ ድል ቢሆንም እፎይታው ብዙ አልቆየም። በዲሴምበር 18 ባንኩ ወለዱን ከዜሮ በታች ወደ 0.25 በመቶ እንደሚያወርድ አስታወቀ። በዓመቱ መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ሀብቱ 510 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ይህም ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት አራት አምስተኛውን ያህላል። በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንታት ግዢው ተፋጠነ፤ ሊቀ መንበሩ በኋላ እንዳስረዱት፣ ወለሉ ቢቀጥል በዚያ ወር ብቻ 100 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ ማውጣት ያስፈልግ ነበር።

ያች ረፋድ

ባንኩ ወለሉን ሲያነሣ ወለዱን ይበልጥ ከዜሮ በታች፣ ወደ 0.75 በመቶ አወረደ። ሐሳቡ ፍራንክ ይዞ መቀመጥን በማስወደድ ድንጋጤውን ማለዘብ ነበር። አንድ ባንክ ይህ ክፍያ ከማይጠየቅበት ጣሪያ በላይ 100 ሚሊዮን ፍራንክ በብሔራዊ ባንኩ ዘንድ ቢያስቀምጥ በዓመት 750 ሺህ ፍራንክ ይከፍላል ማለት ነው።

በዚያች ሰዓት ግን ወለዱን ያየ አልነበረም። ለደቂቃዎች ያህል ዩሮ በፍራንክ የሚገዛ ጠፋ፤ ምንዛሪው ከ0.90 በታች ወረደ፣ ከዚያ ተመልሶ አንድ ለአንድ አካባቢ አረፈ። የስዊዝ ዋና የአክሲዮን መለኪያ በአንድ ቀን ወደ 9 በመቶ ገደማ ወደቀ። ለግለሰቦች በብድር ምንዛሪ የሚያገበያይ አንድ የለንደን ድርጅት በማግስቱ መክሰሩን አስታወቀ፤ አንድ የአሜሪካ ድርጅትም በ300 ሚሊዮን ዶላር የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ተረፈ። ደንበኞቻቸው «ከዚህ በታች ከወረደ ሽጡልኝ» ብለው ያስቀመጡት ትእዛዝ ገዢ በሌለበት ገበያ አልሠራም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት የበላይ ኃላፊ ሳይቀሩ ቀድሞ እንዳልተነገራቸው በይፋ ተናገሩ።

ዋጋው በማን ላይ ወደቀ

ላኪዎቹ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። የአንድ ታላቅ የሰዓት አምራች ሥራ አስኪያጅ የሆነውን ከሱናሚ ጋር አመሳሰሉት። አንዳንድ ፋብሪካዎች ደመወዝ ሳይጨምሩ የሳምንቱን የሥራ ሰዓት አራዘሙ። ሸማቹ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ የጀርመኗን ኮንስታንዝ በመሳሰሉ ከተሞች መግዛት አዘወተረ፤ የአገር ውስጥ ቸርቻሪውም ዋጋ ለመቀነስ ተገደደ። በአንጻሩ በስዊዘርላንድ እየሠራ ፈረንሳይ ወይም ጀርመን የሚያድር ሠራተኛ ደመወዙ በአንድ ቀን አደገለት። ከዙሪክና ከጄኔቭ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ የእኛ ሰውም፣ ፍራንክ በዶላር ፊትም ስለተወደደ፣ ያው ፍራንክ ብዙ ብር ሲሆንለት ሳያይ አልቀረም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በባንኩ ምክክር ውስጥ ከቶ ያልነበሩ ሰዎች ጉዳይ ነው። በፖላንድ፣ በክሮኤሺያና በሃንጋሪ ብዙ ቤተሰቦች ወለዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብቻ የቤት ብድራቸውን በፍራንክ ተበድረው ነበር፤ ደመወዛቸው ግን በየአገራቸው ገንዘብ፣ በዝሎቲ፣ በኩና ወይም በፎሪንት ነበር። በፖላንድ 3.5 ዝሎቲ ገደማ የነበረው ፍራንክ ከ4 ዝሎቲ በላይ ወጣ፤ ዕዳው አብሮ ወጣ። ክሮኤሺያ ምንዛሪውን ለዕዳ ክፍያ ብቻ በሕግ ለአንድ ዓመት አሰረች፤ በኋላም ብድሮቹ ወደ ዩሮ እንዲዞሩ አደረገች። ሃንጋሪ ግን ብድሮቹን ወደ ፎሪንት የምታዞርበትን ሕግ ያወጣችው በኖቬምበር 2014፣ ወለሉ ሊነሣ ሁለት ወር ሳይሞላ ቀርቶት ነበር። ይህን አርቆ አስተዋይነት ለማለት እቸገራለሁ፤ ጊዜው መግጠሙ ግን ብዙ ቤት አትርፏል።

ባንኩ ራሱ በ2015 የመጀመሪያ ስድስት ወራት 50 ቢሊዮን ፍራንክ፣ በዓመቱ ሲጠቃለል 23 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ ከሰረ።

የሠራውና ያልሠራው

ወለሉ ሳለ የታሰበለትን ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። በ2011 በጋ ላይ ለነበረ ፋብሪካ ሦስት ዓመት ከአራት ወር መተንፈሻ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። መውጫውም የተፈራውን ያህል አላጠፋም። በ2015 አማካይ ዋጋ 1.1 በመቶ ወረደ፤ ዕድገቱ ቢቀዘቅዝም ኢኮኖሚው በዓመቱ አልተኮማተረም፣ ሥራ አጥነትም በጥቂቱ እንጂ በብዙ አልተናወጠም። በኤፕሪል 2018 ዩሮ ያለ ምንም ወለል ተመልሶ 1.20ን ነካ።

ያልሠራው ሌላ ነው። ከወለሉ መውጣት መግዛትን ያስቀራል የሚለው ተስፋ አልተፈጸመም፤ ባንኩ በ2015 ብቻ የ86 ቢሊዮን ፍራንክ የውጭ ምንዛሪ ገዛ። ከዜሮ በታች የሆነው ወለድም እስከ ሴፕቴምበር 2022 ድረስ ቆየ፤ የጡረታ ፈንዶችና ቆጣቢዎች ለሰባት ዓመት ተኩል የከፈሉት ዋጋ በዚያች ረፋድ ግርግር ውስጥ አይቆጠርም።

ወደ ሌሎች የሚሻገር ትምህርት

ብዙ ሰዎች ባንኩን የሚወቅሱት ሳያስጠነቅቅ በመውጣቱ ነው። በእኔ እምነት ወቀሳው ቦታውን ስቷል። እንዲህ ያለ ወለል ቀስ በቀስ አይነሣም፤ «በሚቀጥለው ወር አነሣለሁ» የሚል ባንክ በዚያው ቀን የዓለም ዩሮ ሁሉ ይጫንበታል። ድንገተኛነቱ ከመሣሪያው ጠባይ የመጣ ነው። ጥፋቱን የማየው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ በ2011 ቃሉ ሲሰጥ በምን ሁኔታ እንደሚያበቃ አለመነገሩ ነው። ቀን መቁረጥ አይቻልም፤ ግን «ፍራንክ በዶላርም ሆነ በሌሎች ገንዘቦች ሲለካ ከልክ በላይ የተወደደ እስከሆነ ድረስ» የሚል ድንበር ከመነሻው ጎላ ብሎ ቢቀመጥ፣ በ2014 ሁኔታው ሲለወጥ ገበያው ራሱ ጥያቄውን ያነሣ ነበር። ሁለተኛው፣ ውሳኔው እየተመከረበት ባለበት ሳምንት ቃለ ምልልስ መሰጠቱ ነው። ኃላፊው ሲጠየቁ «ምናልባት» ማለት አይችሉም ነበር፤ መጠየቂያው ቦታ ላይ አለመገኘት ግን ይቻል ነበር።

ከጎረቤት ጋር ማነጻጸርም ይጠቅማል። ወለሉ እንደተነሣ ነጋዴዎች ዴንማርክም ክሮነሯን ከዩሮ ትፈታለች ብለው ጎረፉባት። የዴንማርክ ብሔራዊ ባንክ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወለዱን አራት ጊዜ ቀነሰ፣ ብዙ የውጭ ምንዛሪ ገዛ፣ መንግሥትም በባንኩ ምክር ቦንድ መሸጥ አቆመ፤ ክሮነሩም ከቦታው አልተነቃነቀም። ልዩነቱ በጉልበት አይደለም። የዴንማርክ ትስስር ከ1982 ጀምሮ የቆየ፣ ከአውሮፓ አገሮች ጋር በስምምነት የታሰረና መንግሥታት ሲለዋወጡ ያልተለወጠ ነው። የስዊዙ ግን ባንኩ ለክፉ ቀን ብቻውን ያወጀው ነበር። ጊዜያዊ ቃልን እንደ ዘላለማዊ የቆጠረ ተበዳሪና ነጋዴ የተጎዳው ይህን ልዩነት ሳያይ ነው። በሌላ አገር ገንዘብ ለተበደረ ሰው የዚያ አገር ማዕከላዊ ባንክ ኃላፊነት እንደሌለበት ፖላንዶች በከባድ ዋጋ ተምረውታል።

ስለ ትርፍ ክፍፍሉም አንድ ነገር ይጨመር። የውጭ ሀብቱ የዓመታዊ ምርትን ያህል የሆነ ባንክ ትርፉና ኪሳራው በምንዛሪ ነፋስ ይወሰናል፤ በ2022 ባንኩ 132 ቢሊዮን ፍራንክ ከሰረ፣ ካንቶኖቹም ለዚያና ለቀጣዩ ዓመት ምንም አላገኙም። የ2013ቱ ተሞክሮ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር፤ በጀታቸውን ያለዚህ ገንዘብ ያሰሉት ካንቶኖች ሳይደናገጡ አለፉት።

ከ2015 ወዲህ ባንኩ ለፍራንክ ሌላ ቁጥር ጠርቶ አያውቅም፤ እንደ አስፈላጊነቱ ገበያ ውስጥ እገባለሁ ከማለት አያልፍም። በ2022 ዓለምን የመታው የዋጋ ንረት ስዊዘርላንድ ሲደርስ ዩሮ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ፤ ባንኩ ግን አልተከላከለም። ውድ ፍራንክ ከውጭ የሚገባውን ዕቃ ስለሚያረክስ በዚያ ጊዜ የሚፈለግ ነገር ሆኖ ነበር። በ2023 ባንኩ የ133 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ የውጭ ምንዛሪ ሸጠ፤ ፍራንክን ለማርከስ ሲከማች ከኖረው ሀብት ላይ ተነሥቶ፣ አሁን ፍራንክን ለማጠንከር ማለት ነው።